ሪፖርቱን ልመን ወይስ ልጄን?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከአንዲት እናት ነው፣ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፦

«ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። 17 ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አለኝ፣ ኦቲዝም አለበት የተባልነው 5 ዓመቱ ላይ ነው። ይናገራል፣ ትምህርቱም ደህና ነው፣ ግን እንግዳ ሲመጣ ክፍሉን ዘግቶ ይቀመጣል፣ ሰው መሳም አይወድም፣ ወሬው ሁሉ ስለ አውሮፕላን ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ሁላችንም ናፈቀችን ስንል እሱ አንድ ቃል አልተነፈሰም፣ ሌሊቱን ሙሉ ስልኩ ላይ አውሮፕላኑን ሲከታተል አድሮ ‹አሁን አትላንቲክ ላይ ናት› ብቻ አለኝ። በቀደም የት/ቤቱን ሪፖርት ላፕቶፔ ላይ አግኝቶ አነበበውና ረጅም ቴክስት ላከልኝ። ‹እማ፣ እዚህ የተጻፈው ሰዎች ሲያዩኝ የሚያዩት ልጅ ነው፣ እኔ እዚህ ውስጥ የለሁም። ዓይን የማላየው ሰው ስለማልወድ አይደለም፣ ዓይን ካየሁ የምትሉትን መስማት አልችልም። አልታመምኩም። አያቴ ጠበል ልውሰደው ስትል ይከፋኛል› ይላል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ እንደዚህ እንደሚያስብ አላውቅም ነበር። እስከዛሬ ባለሙያዎቹ ያሉኝን ይዤ ነው ያሳደግኩት፣ አሁን ማንን ልመን? ደሞ በሐምሌ የእህቴ ሰርግ ነው፣ ካልመጣ ይቀየሙኛል። አንዳንዴ ሕፃን እያለ ሁለት ሥራ እየሠራሁ ቲቪ ፊት ትቼው ስለዋልኩ ይሆን እላለሁ።»

እህቴ፣ ሰላም ላንቺና ለቤትሽ። መልሱን ላንጠለጥልብሽ አልፈልግም፣ ውስጡ ስላለው ነገር ልጅሽን እመኚው። ሪፖርቱ ውሸት ነው እያልኩሽ አይደለም፣ ሪፖርት ከውጪ የሚታየውን ነው የሚጽፈው፣ ት/ቤት ውስጥ እርዳታ ያገኛችሁትም በሱ ነው። ግን ጫጫታ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን፣ ለምን ዝም እንደሚል፣ ማንን እንደሚወድ፣ ይሄን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እየተባልን ስላደግን የአንድ ጎረምሳ ቃል ከባለሙያ ወረቀት በላይ ሲሆን ይከብደናል፣ ይገባኛል። እኔም ኦቲስቲክ ነኝ፣ ያወቅኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው፣ ስለዚህ የምጽፍልሽ አንብቤ ብቻ አይደለም።

ከሁሉ በፊት ግን ያቺን መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግሻትን ላንሳ፣ ቲቪ ፊት ትቼው ስለዋልኩ ይሆን ያልሽውን። አይደለም። ኦቲዝም ልጅ ከመወለዱ በፊት ጀምሮ ከአእምሮ ዕድገት ጋር አብሮ የሚመጣ ነው፣ ዘር ትልቅ ድርሻ አለው፣ እንጀራ ፍለጋ ሁለት ሥራ የሮጠች እናት አታመጣውም። እናትን መውቀስ ደሞ የኛ ሰፈር ነገር ብቻ እንዳይመስልሽ፣ አሜሪካ ውስጥም በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ልጁ እንዲህ የሆነው እናቱ ፍቅር የሌላት ቀዝቃዛ ሴት ስለሆነች ነው የሚሉ ባለሙያዎች ነበሩ፣ ብሩኖ ቤተልሃይም የሚባለው ሰውዬ በ1967 ይሄንኑ በመጽሐፍ አውጥቶ ስንት እናት አስለቅሷል። የኦቲስቲክ ልጅ አባት የሆነ በርናርድ ሪምላንድ የሚባል ሳይኮሎጂስት ገና በ1964 ነገሩ ከተፈጥሮ እንጂ ከእናት እንዳልሆነ ጽፎ ነበር፣ እስኪሰማ ግን ጊዜ ወሰደ። ዛሬ ያንን የእናት ወቀሳ ሳይንሱ አይቀበለውም። እና ልብ በዪልኝ፣ ያኔም የፈረደው ከውጪ ያየ ሰው ነው፣ እናትየዋንም ልጁንም በቅጡ ሳይሰማ።

የነገሩ ሥር ደሞ እናንተው ስቴት ውስጥ ነው ያለው። በ1943 ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ የሚሠራ ሊዮ ካነር የሚባል ሐኪም ስለ 11 ልጆች ጻፈ፣ ዛሬ ኦቲዝም የምንለው ነገር በሰፊው የታወቀው ከዛ ወዲህ ነው (ሞስኮ ውስጥ ግሩኒያ ሱካሬቫ የምትባል ሐኪም በ1920ዎቹ ቀድማው ተመሳሳይ ልጆችን ገልጻ ነበር፣ ግን ለብዙ ጊዜ ያስታወሳት የለም፣ ያሳዝናል)። ካነር ጎበዝ ተመልካች ነው፣ ብቻቸውን መሆን ይመርጣሉ፣ የለመዱት ሲቀየር ይረበሻሉ፣ ቃል ይደጋግማሉ እያለ ያየውን በዝርዝር አስቀምጧል። ግን ሁሉም «ያደርጋል፣ አያደርግም» ነው። ልጆቹ ትናንሽ ስለነበሩ ያኔ ምን ይጠየቃሉ ልትዪ ትችያለሽ፣ እውነት ነው፣ እኔን የሚቆጨኝ አድገውም ለረጅም ጊዜ የጠየቃቸው አለመኖሩ ነው። ከ11ዱ የመጀመሪያው ዶናልድ ትሪፕሌት ይባላል። ሕፃን እያለ ተቋም አስገብተውት ነበር፣ ወላጆቹ መልሰው አወጡት፣ ከዛ ኮሌጅ ጨርሶ፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ ባንክ ሠርቶ፣ መኪና እየነዳ፣ ጎልፍ እየተጫወተ፣ አገር ለአገር እየዞረ ኖረና በ2023 በ89 ዓመቱ አረፈ። ያንን የ1943ቱን ጽሑፍ ብቻ ያነበበ ሰው ይሄን ሰውዬ አያገኘውም።

አሁን ወደ ዓይን ልምጣ፣ ይሄ ለኛ ለሐበሾች ለየት ስለሚል። ት/ቤቱ ዓይን ለዓይን አያይም ብሎ እንደ ጉድለት ጽፎበታል። እስቲ አንቺ ስታድጊ አስቢው፣ ትልቅ ሰው ሲያናግርሽ ዓይኑ ላይ ብታፈጪ ምን ትባይ ነበር? ዓይን አውጣ ነበር የምትባይው። አያቱ ፊት አንገቱን ደፍቶ የቆመ ልጅ ጨዋ ነው፣ የተቀጣ ልጅ ነው፣ ያው ልጅ ሳይኮሎጂስት ፊት አንገቱን ሲደፋ ምልክት ይሆናል። ልጁ ያው ነው፣ የሚያየው ሰው ነው የተለየው፣ ደሞ ሁለቱም አላገኙትም ምክንያቱም ልጅሽ አንገቱን የሚደፋው ለማክበርም አይደለም፣ ሰው ጠልቶም አይደለም፣ ለመስማት ነው። እኔም እንደዛው ነኝ፣ ሰው ሲያወራኝ ግድግዳ ካላየሁ ቃሉ ይበተንብኛል፣ ዓይን ማየት ለኔ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሌሎች ኦቲስቲክ ሰዎችን ብትጠይቂ ብዙዎቹ ይሄንኑ ይሉሻል፣ አንዳንዱ እንደውም ያማል ነው የሚለው።

ቡና ሲፈላ ክፍሉን ይዘጋል ያልሽውም (በቃልሽ እንግዳ ሲመጣ ነው ያልሽው፣ ግን እንግዳ መጥቶ ቡና የማይፈላበት ቤት አላውቅም) እስቲ ከሱ ጎን ሆነሽ እዪው። ቡናው እየተቆላ ጢሱ ቤቱን ሞልቶታል፣ ዕጣኑ ደሞ ላዩ ላይ ተጨምሯል፣ ስኒው ይንኳኳል፣ ቲቪው ተከፍቷል፣ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ያወራል፣ ከዛ አንድ አጎት ይገባና ጉንጩን አገላብጦ ይስመዋል፣ ሽቶው ጉንጩ ላይ ይቀራል፣ «ጠፋህ! አደግክ እኮ! አታውቀኝም?» ይባላል፣ መልስ ይጠበቃል። ላንቺ ይሄ ሙቀት ነው፣ ፍቅር ነው። እሱ ጋ ግን ሁሉም ድምፅ እኩል ነው የሚገባው፣ የስኒው ከአጎቱ ቃል አያንስም፣ መለየት አይችልም። ቴምፕል ግራንዲን የምትባል ኦቲስቲክ አሜሪካዊት በ1986 ስለ ራሷ ስትጽፍ ሰው ሲያቅፋት ነገሩ እንደሚያጥለቀልቃት፣ ግን መታቀፉን እየተመኘች እንዳደገች ተናግራለች። የድምፅ፣ የሽታና የንክኪ ነገር በአሜሪካኖቹ የመመርመሪያ መስፈርት ውስጥ ራሱን ችሎ የገባው ግን በ2013 ነው። ባለቤቶቹ ለዓመታት ሲሉት የነበረውን ወረቀቱ ቆይቶ ነው የደረሰበት።

እና ያ የአውሮፕላኑ ነገር። እህቴ፣ እኔ ደብዳቤሽን ሳነብ እዛ ላይ ነው ልቤ የተነካው። ሪፖርቱ ይሄን «ጠባብ ፍላጎት» ብሎ እንደሚጽፈው እርግጠኛ ነኝ፣ ዘመድ ደሞ አያቱ እየመጣች አልናፈቀችውም ብሎ ይታዘባል። ልጁ ግን ሌሊቱን አልተኛም! አያቱ ያለችበትን አውሮፕላን ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ዱለስ በዓይኑ ይዟት መጣ፣ የት እንደደረሰች ላንቺ ነገረሽ። ናፈቀችኝ ያላችሁት እናንተ ተኝታችኋል። ከዚህ በላይ ናፍቆት ምንድነው? ኦቲስቲክ ሰው የሚወደውን ነገር ሲያካፍልሽ አንቺን ራሱ እየወደደሽ ነው፣ ብዙዎቻችን ፍቅራችንን እንደዛ ነው የምንሰጠው። አንድ ነገር ውስጥ ጠልቆ መግባት ደሞ ያሳርፋል፣ ዓለሙ ሁሉ በአንዴ ሲጮህ እዛ ውስጥ ሥርዓት አለ። ነገ ዛሬ ሳትዪ ስለ አያቱ በረራ ጠይቂው፣ አፍሽን ዘግተሽ ስሚው።

«እንደዚህ እንደሚያስብ አላውቅም ነበር» ብለሻል። ይሄ ያንቺ ድክመት አይደለም፣ የነገሩ ታሪክ ነው። በ1985 ለንደን ላይ አንድ የታወቀ ሙከራ ተሠራ፣ ሁለት አሻንጉሊቶች አሉ፣ አንዷ ብይዋን ቅርጫት ውስጥ ትታ ትወጣለች፣ ሌላዋ ወደ ሳጥን ታዞርባታለች፣ የመጀመሪያዋ ስትመለስ የት ትፈልጋለች ነው ጥያቄው። ከ20 ኦቲስቲክ ልጆች 16ቱ አልመለሱትም፣ ከዛ በኋላ ኦቲስቲክ ሰው የሌላን ሰው ሐሳብ መረዳት አይችልም የሚለው ነገር በየቦታው ተናኘ፣ አራቱ መመለሳቸውንም ብዙ ሰው ረሳው። በ2012 ዴሚያን ሚልተን የሚባል እንግሊዛዊ ሶሲዮሎጂስት፣ ራሱ ኦቲስቲክ ነው፣ ነገሩን ገልብጦ ጠየቀ፣ እነሱ እኛን አይረዱንም ትላላችሁ፣ እናንተስ እነሱን ትረዳላችሁ ወይ? አለመግባባቱ የሁለት ወገን ነው አለ። በ2017 ደሞ ኖዋ ሳሰን የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ አንድ ነገር አደረጉ፣ ኦቲስቲክ የሆኑና ያልሆኑ ሰዎች ሲናገሩ ለጥቂት ሰከንድ ቀርጸው ለማያውቋቸው ሰዎች አሳዩ። ተመልካቾቹ በሰከንዶች ውስጥ ኦቲስቲኮቹን ደስ አይሉም፣ ከነሱ ጋር ማውራት አልፈልግም አሉ። የተናገሩት ቃል ብቻ በጽሑፍ ሲሰጣቸው ግን ያ ልዩነት ጠፋ። ድምፁንና ፊቱን ሲያዩ የሸሹትን ሰው ቃሉን ሲያነቡ አልሸሹትም ማለት ነው። አንቺ ቤትም ቴክስቱ የሠራው ይሄንን ነው፣ ልጅሽ አዲስ አልሆነም፣ ፊቱን የማንበብ ግዴታ ሲቀርልሽ ሐሳቡ ደረሰሽ። ስለዚህ ቴክስት አድርጊለት፣ አንድ ቤት ውስጥ ሆናችሁም ቢሆን። ሲጽፍ ጊዜ አለው፣ ዓይን የለበትም፣ ድምፅ የለበትም።

በአፍ ስትጠይቂው «አላውቅም» ካለሽ ደሞ ትዕቢት አድርገሽ አትውሰጂበት። ብዙዎቻችን ምን እየተሰማን እንደሆነ በሰዓቱ አናውቀውም፣ ደረቴ ይጨንቀኛል፣ እጄ ይቀዘቅዛል፣ ፈርቼ እንደነበር የሚገባኝ ማታ ነው፣ አንዳንዴ በሦስተኛው ቀን። እመኚው ስልሽ እያንዳንዱን ነገር ወዲያው ያስረዳሻል ማለቴ አይደለም፣ ሲያስረዳሽ ግን አታርሚው።

አንድ ከበድ ያለ ነገር አለ። እጁን የሚያወዛውዝ ወይ ወንበር ላይ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ሰው አየን ብለሽ አታስቁሚው፣ ያ ሰውነቱን የሚያረጋጋበት መንገድ ነው። ለዓመታት ልጆችን ያንን እንዲያቆሙ፣ ዓይን እንዲያዩ፣ ፈገግ እንዲሉ ማሠልጠን እንደ ስኬት ሲቆጠር ኖሯል፣ ከውጪ ሲታይ ልጁ «ተሻለው»። ከውስጥ ግን ቀኑን ሙሉ ራስን መደበቅ ነው፣ ማስኪንግ ይሉታል፣ ቤት ሲደርሱ ጉልበት የሚባል አይቀርም፣ በተለይ ሴቶች ይሄን በደንብ ስለሚችሉበት ዕድሜያቸው ገፍቶ ነው የሚታወቁት፣ እኔ አንዷ ነኝ። በጥናትም ራሳቸውን አብዝተው የሚደብቁ ኦቲስቲክ ሰዎች ላይ ድብርትና ራስን የማጥፋት ሐሳብ በዝቶ ነው የተገኘው። ስለዚህ ልጅሽን አንድ ቀን በግልጽ ጠይቂው፣ መኖር የሚያስጠላህ ጊዜ አለ ወይ በዪው፣ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። ካለ 988 የሚባለው የአሜሪካ የጭንቅ ጊዜ እርዳታ መስመር በቀን በሌሊት ይሠራል፣ መደወልም ቴክስት ማድረግም ይቻላል።

የሱ ቃል የሁሉም ኦቲስቲክ ሰው ቃል አይደለም፣ እሱንም መርሳት የለብንም። ጭራሽ የማይናገሩ፣ ለመብላትም ለመታጠብም ሰው የሚፈልጉ፣ ራሳቸውን የሚመቱ ልጆች አሉ፣ እናቶቻቸው ሌሊት አይተኙም፣ «አልታመምኩም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለነሱ ምን ዓይነት ቅንጦት እንደሚመስል አውቃለሁ። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ነፍሷን ይማርና በፈረንጆቹ 2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት፣ የራሷን ልጅ ይዛ በአደባባይ ስትወጣ፣ ያኔ እንዲህ ያሉ ልጆች እርግማን ነው፣ ቡዳ ነው እየተባለ ቤት ይዘጋባቸው ነበር፣ አሁንም የሚዘጋባቸው አሉ። እነሱ ግን ውስጥ የላቸውም ማለት አይደለም። በሥዕል፣ በታብሌት፣ በእጅ ምልክት ሐሳባቸውን የሚገልጹ ብዙ ናቸው፣ ምንም መንገድ ያልተገኘለት ልጅም ጆሮውን ሲይዝ ጮኸብኝ እያለሽ ነው። እርዳታ መፈለግና ራስን ማወቅ አይጣሉም። ጂም ሲንክሌር የሚባል ኦቲስቲክ ሰው በ1993 ቶሮንቶ ላይ ወላጆች ፊት ቆሞ ኦቲዝም ከልጁ የሚገፈፍ ነገር አይደለም፣ ከኋላው የተደበቀ ሌላ ጤነኛ ልጅ የለም፣ ያላችሁ ልጅ ይሄው ነው ብሏቸዋል። ለመስማት ይከብዳል፣ ግን የቀረውን ዕድሜሽን ያልመጣ ልጅ ከመጠበቅ ያድንሻል።

ጠበሉን በተመለከተ፣ የአያቱን እምነት አልነካም፣ አንቺም አትንኪባት። እሷ የምታውቀው ትልቁ መድኃኒት እሱ ስለሆነ ነው ለልጅ ልጇ የተመኘችው። ግን ፈቃዱን ሳይሰጥ ቀዝቃዛ ውኃ የሚረጭበት፣ ሰው ተጋፍቶ የሚጮህበት ቦታ ላይ ማቆም ቅድም ያልኩሽን የቡና ሰዓት አሥር እጥፍ ነው፣ ከዛ ቢጮህ ደሞ «ያዘው፣ ለፈለፈ» ይባላል፣ ልጁ ግን የያዘው ፍርሃት ነው። እምነቱ የራሱ ነው፣ ጸሎት ልሂድ ካለ ጸጥ ባለ ሰዓት ይዘሽው ሂጂ፣ አልፈልግም ካለ ለእናትሽ «እሱ አልታመመም፣ እዚሁ ሆነሽ ጸልዪለት» በያት። ያንን ቃል ልጅሽ በጆሮው ሲሰማ ብትዪው ጥሩ ነው።

ለት/ቤቱ ደሞ በሚቀጥለው የአይ ኢ ፒ (ት/ቤቱ ለልጁ የሚያወጣው የልዩ ትምህርት ዕቅድ) ስብሰባ ላይ ልጁ ራሱ ይግባ። 16 ዓመት ከሞላው ጀምሮ ከሃይስኩል በኋላ ስላለው ሕይወት ሲወራ እሱን መጋበዝ ግዴታቸው ነው፣ የፌዴራሉ ሕግ ይላል። መግባት ካልፈለገ ያቺን ቴክስት አሳጥሮ፣ ምን እንደሚረዳው ጨምሮበት ይጻፍ፣ «ዓይን ማየትን» ከግቦቹ ውስጥ አውጡልኝ ማለትም ይችላል፣ ወረቀቱ ውስጥ ግን የሱ ቃል ይግባ። አንቺ ስታነቢላቸው ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥም አንብቢው።

ሰርጉን እንዲህ አድርጊ። ዛሬ ማታ የፕሮግራሙን ዝርዝር በጽሑፍ ላኪለት፣ ስንት ሰዓት ምን እንደሚሆን፣ አዳራሹ የት እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ ስፒከሩ የት እንደሚቆም ሁሉ። ከዛ ምረጥ በዪው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ወይስ አዳራሹም፣ በሩ አጠገብ ቢቀመጥስ፣ ሄድፎኑን ቢያደርግስ፣ ሲበቃው መኪና ውስጥ ሄዶ ቢያርፍስ። ሱፉን አስቀድሞ ቤት ውስጥ ይልበሰው፣ አንገቱ ላይ የሚኮሰኩሰው ነገር ካለ አሁን ይታወቅ። መሳም እንደማይፈልግ ለአጎቶቹ ቀድመሽ ተናገሪ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት በኛ ባህልም ሙሉ ሰላምታ ነው፣ ማንም አይቀየምም፣ የተቀየመም ካለ ካንቺ ጋር ይጨርስ እንጂ ልጁ ጋ አይድረስ። ለእህትሽ ደሞ ራስሽ ደውዪላት፣ ከሌላ ሰው አትስማ፣ ሊመጣም ላይመጣም ይችላል፣ አልመጣም ማለት አልወደደሽም ማለት አይደለም በያት። አልመጣም ካለ እሺ በዪው፣ እውነተኛ እሺ፣ ፊትሽን ሳታጠቁሪ። ከመልሱ ማግስት ሙሽሮቹ ብቻቸውን ቤት ይምጡና ያለ ሙዚቃ፣ ያለ ሰው ብዛት አብሯቸው ምሳ ይብላ። የመረጠውን ጻፊልኝ፣ ማወቅ እፈልጋለሁ።